ቀንበሩን ያወለቅሁበት ቀን

አሥመራ፣ ቃሓውታ
ታኅሣሥ 4 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወዳጄ ለመምህር ንዋይ፤ ደብረ ብርሃን

ሓወይ፣ ወንድሜ ንዋይ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። እኔ አንገቴ በሽቦና ከዳሌዬ በተቆረጠ አጥንት የታሰረ ሰው ነኝና ጎንበሱን ወገቤ ይተካልኝ፤ አንተ ሙሉውን እንደተቀበልክ ቁጠረው። ወይዘሮ ብርቅነሽስ? ልጆቹስ? የደብረ ብርሃን ብርድ በዚህ ወር ሰው ይጥላል ብለኸኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ያዘገየሁት በክፋት አይደለም፤ ኅዳር ጽዮን ደርሶብን ነው። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ሆስፒታል ጎን ለጎን ተኝተን ሳለ፣ ባለቤቴ ኣብርሄት «አንገቱን ብታቆሚልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ለማርያም ተስላለች ብዬህ አልነበር? እነሆ ገባ! ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ እንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት፣ ቄሱ ጃንጥላውን ዘርግተው «ይህ ሰዓት ሠሪ አንገቱ ሞቶ ነበር፤ እመቤታችን አቆመችለት» ብለው ሲያውጁ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤታችን ትበርህማ ድምፅዋ እስኪዘጋ ነው ያለችው። እኔም ሦስት ጊዜ ግንባሬ መሬት እስኪነካ ሰገድኩ።

የዚያን ዕለት የተነሳሁትን ፎቶ በዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። እየው፣ ቀንበር የለም! ያ የቆዳና የብረት የአንገት መደገፊያ፣ በክፍላችን «ቀንበር» ብለን ስም ያወጣንለት፣ ዛሬ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ተኝቷል።

ሐኪሙ ስንት ወር አድርገው እንዳለኝ ጠይቀኸኛል። አንተ ደግሞ የአስተማሪ ነገር፣ ቀን መቁጠር ትወዳለህ። ደህና የሆነ ሰው ቀን አይቆጥርም። ይልቅ አንተ አንገትህን በቀዶ ጥገና የመሠራትህ ተራ ሲደርስ ሱሪህን በፒጃማ ላይ አጥልቀህ በጓሮ በር የሾለክህበትን ጧት እያስታወስኩ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ወንድምህ
ዘርእዝጊ ሃብተሚካኤል

*

ደብረ ብርሃን
ጥር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርእዝጊ

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጎንበሱን ከነወገብህ ተቀብያለሁ።

ፎቶህ የደረሰ ዕለት ቤታችን ሰርግ ቤት መሰለ። ብርቅነሽ ከሥላሴ ሥዕል ጎን ምስማር መትታ ሰቀለችህ፤ እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ያን ግድግዳ አላገኘሁትም። ጎረቤት ሲመጣ በጣቷ እያሳየች «ተቆርጦ የተቀጠለው ሰውዬ ይኸውላችሁ» ትላለች። አንገትህ ደብረ ብርሃን ላይ ከኔ የበለጠ ታውቋል።

አሁን ቀልዱን ልተው። ቀኝ እጄ እየከዳኝ ነው። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሳልጨርስ ይወድቃል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። አሁን አይስቁም፤ ገና ሳይወድቅ ሊያነሱት ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ከሳቁ ይልቅ ይሄ ነው የከፋኝ። ሐኪሙ ያኔ «ካልተሠራህ መጀመሪያ እጅህ፣ ቀጥሎ እግርህ» ብሎኝ ነበር። «ፈሪ ለናቱ» ብዬ ሸሸሁ፤ እናቴ ግን ከሞተች ቆየች።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያማል? ብርድ ሲነካህ፣ ሥራ ስትሠራ፣ ጧት ስትነሳ፣ ያማል? በወንድምነት ንገረኝ። አንተ ደህና ነኝ ካልከኝ እሄድና አንገቴን እሰጣለሁ። የለም፣ ያማል ካልከኝ አልሄድም። ከሁለታችን ያየኸው አንተ ነህ።

ንዋይ

*

አሥመራ
የካቲት 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለመምህር ንዋይ

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ማለቴ ሥራ አለ፣ ይመስገነው።

የሚያስቅህን ልንገርህ። ፎርቶ፣ ምሽጉ አካባቢ የሚኖር ሻለቃ አሳምነው የሚባል ደንበኛ አለኝ፤ ያገራችሁ ሰው ነው። ሰዓቱን ሊወስድ መጥቶ «ጤና ይስጥልኝ» ሲለኝ እኔ እንደ ግንድ ቀጥ ብዬ መለስኩለት። ራሴን ዝቅ አላደረግሁማ! «አሥመራ ደግሞ ሰዓት ሠሪውም ይኮራል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ዋእ! ሸሚዜን ገልጬ ከማጅራቴ በታች ያለውን ጠባሳ ባላሳየው ኖሮ ጉድ ፈልቶብኝ ነበር። ካየ በኋላ እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ሄደ።

የሥራ ጠረጴዛዬን በአራት ሳጥን ላይ አቁሜ እስከ አገጬ ከፍ አድርጌዋለሁ። ለብርሃን ጥሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከምጠግነው ሰዓት ሁለት ብሎን ጠፋብኝ፤ ኣብርሄት ስትጠርግ አገኘችው። «ምነው እጅህ?» አለችኝ። «ብሎኑ ነው እንጂ እጄ ምን ሆነ» አልኳት።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር፣ ኣይፋልን፣ አያምም። ምንም የለም። ሕመም የሚባለውን ረስቼዋለሁ። ሂድና ተሠራ።

አጭር የጻፍኩት ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ ነው።

ዘርእዝጊ

*

ደብረ ብርሃን
መጋቢት 18 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ

ምን ልበልህ? ቃልህ የደረሰኝ ዕለት ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ፈቃድ ጻፍኩ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄጄ ሐኪሙን አየሁት። ሲያየኝ በአስተርጓሚው «በሩን ዘንድሮ ዘግተነዋል» አስባለኝ። ለግንቦት 14 ቀን ቀጥሮኛል፤ ፋሲካን ከቤቴ ውዬ ማለት ነው። ሰኔ 20 ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይገባል፤ ከሱ በኋላ ይህን የሚሠራ ሰው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ አንገቴን በቃልህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ብፈራም ፎቶህን አይና እበረታለሁ።

አንድ ነገር ልበልህና እንዳትቆጣ። የእጅ ጽሕፈትህ ምን ሆኗል? መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ደግሞ በየመሐሉ ብዕሩ የወደቀ ይመስላል። ሃያ ዓመት የልጅ ደብተር ያረመ ሰው ይህ አይደበቀውም። ጠረጴዛውን ከፍ ስላደረግኸው ይሆናል።

ንዋይ

*

አሥመራ
ሚያዝያ 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ንዋይ ሓወይ

ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥር፤ ሰላም የምል አፍ የለኝም። ዋሽቼሃለሁ።

ሕመሙ ተመልሷል። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ከማጅራቴ ይነሳና በትከሻዬ ወርዶ ሁለቱን ትንንሽ ጣቶቼን ያደነዝዛቸዋል። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ጥሎኝ ይሄዳል፤ ተገላገልኩ ብዬ ብሎን ሳነሳ እንደገና ይይዘኛል። ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ መሬት ላይ በጀርባዬ እጋደማለሁ። ደንበኛ ሲያንኳኳ የለሁም። ኣብርሄት ከጠየቀችኝ ምሳ ልበላ ዘግቼ ነው እላታለሁ።

ተደብቄ አንድ ጣልያን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ፊልሙን መስኮት ላይ ይዞ «አጥንቱ አልያዘም» አለኝ። ይኸው ነው። ተቆርጬ፣ ተሰፍቼ፣ ከዳሌዬ ተወስዶ፣ አልያዘም። እንግዲህ አስብበት። ያ ሐኪም እኔን እንዲህ ካደረገኝ አንተን ምን እንደሚያደርግህ በምን ይታወቃል? አትቸኩል።

ለኣብርሄት እንዳትጽፍ እለምንሃለሁ። ጃንጥላው ገብቷል፣ እልል ተብሏል። ዛሬ አሞኛል ብል ማርያምን ማሳጣት ነው የሚሆንብኝ። አፍራለሁ ንዋይ። አንተን የመሰለ ሰው «በወንድምነት» ብሎ ጠይቆኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ መዋሸቴን ሳስብ አፍራለሁ።

ዘርእዝጊ

*

ደብረ ብርሃን
ግንቦት 1 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርእዝጊ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

ጽሕፈቱ ቢያምርብህ አትደነቅ፤ የምትጽፈው ብርቅነሽ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። መዋሸትህን ረስቼዋለሁ። ሰው የታመመውን ቢደብቅ ምን ይገርማል? ትልቁ ነገር በኋላ ደፍረህ እውነቱን መንገርህ ነው። ቢላዋው ሥር ልገባ ስል እጄን ይዘህ ጎተትኸኝ። ቀጠሮውን ሰርዤአለሁ፤ ቦታዬን ለሌላ ሕመምተኛ ሰጥተውታል። ሕይወቴን ያተረፍክ አንተ ነህ፤ ይህን እስክሞት አልረሳውም።

እጄ እንደነበረ ነው። ጸበልም እየሞከርኩ ነው። የግራ እጅ ጽሕፈት ልማድ ነው ይሉኛል።

(እኔ ብርቅነሽ፦ «ይህን አትጻፊ» ብሎኛል፤ ግን ብዕሩ በኔ እጅ ነው። እጁ እንደነበረ አይደለም። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የቀኝ እግሩን ጫማ ይጎትታል። እሱ የጎተተ አይመስለውም፤ እኔ ግን ድምፁን ከማድቤት ሆኜ እሰማዋለሁ። ለማንኛውም እውነቱን ስለ ነገሩን እግዜር ይስጥልን።)

ንዋይ

*

ቴሌግራም
ከአሥመራ፤ ግንቦት 12 ቀን 1959 ዓ.ም.
ለመምህር ንዋይ፤ ደብረ ብርሃን

ሐኪሙ አላጠፋም። ቀንበሩን ስድስት ወር አድርግ ብሎኝ በሦስተኛው ወር አወለቅሁ፣ ሰገድኩም። አጥንቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ደብቄሃለሁ። ሐኪሙ ሳይሄድ ድረስበት። ዘርእዝጊ

*

አሥመራ
ግንቦት 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለመምህር ንዋይና ለወይዘሮ ብርቅነሽ

ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ቴሌግራሙ ቀድሞ ደርሷል፤ አዲስ አበባም ገብታችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤት ካላችሁ ግን ማንበቡን ተዉትና ተነሡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለህ የጻፍክልኝ ትናንት ጧት ደረሰኝ። ምነው በረገምከኝ! የወይዘሮ ብርቅነሽን ቅንፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጫማ የመጎተቱን ነገር አውቀዋለሁ፤ በክፍላችን መስኮቱ ሥር ተኝቶ የነበረውን፣ ጫማ በመጎተት ጀምሮ መሄድ ያቃተውን ሰውዬ ታስታውሳለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ «ስድስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ አታውልቀው» ብሎኛል። ኅዳር ጽዮን ሲደርስ ገና ሦስት ወር መሙላቱ ነበር። ጃንጥላው ተሰፍቷል፣ ቄሱ ተነግሯቸዋል፣ ዘመድ ከደቀመሐሪ መጥቷል። እኔ ደግሞ ቀንበር አንገቴ ላይ አድርጌ «ድኛለሁ» ልል ነው? ሰው ምን ይላል? ማርያምን ሰጥታ የነሳች ላስመስላት? ኣብርሄት እኮ ጠይቃኛለች፤ በዚያው ጧት ነጠላዬን እያስተካከለች «ሐኪሙ ፈቅዷል?» አለችኝ። «እወ» አልኳት። በሷ አላመካኝም።

ሦስተኛውን ስግደት ስሰግድ አንገቴ ውስጥ ቀጭ አለ። ሰዓት ውስጥ ጥርስ ሲሰበር ያለውን ድምፅ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ አልሳትኩትም። እልልታ ስለነበር ከኔ ሌላ የሰማ የለም። ከዚያ ቀና ብዬ ፎቶ ተነሳሁ። ግድግዳችሁ ላይ የሰቀላችሁት ሰውዬ አንገቱ ከተበላሸ አንድ ሰዓት አልሞላውም።

በሚያዝያ «ዋሽቼሃለሁ» ብዬ ስጽፍልህ ለራሴ ንስሐ የገባሁ መስሎኝ ነበር። ግማሹን ነግሬህ ግማሹን ያስቀረሁት ግን ከመጀመሪያው ውሸት የባሰ ሆነ። የራሴን ጥፋት ሐኪሙ ላይ ጥዬ አንተን ከበሩ መለስኩህ።

ትናንት ይህንኑ በደብዳቤ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ደብዳቤ ዘጠኝ ቀን፣ አንዳንዴም አሥር ይፈጃል። ቴሌግራም ግን በማግሥቱ ይገባል። ቴሌግራም ቤት የተቀመጠው ደግሞ መንግስትኣብ ነው፤ በእንዳ ማርያም ከበሮ የሚመታው፣ የኔም ጃንጥላ ሲገባ የመታው መንግስትኣብ። ትናንት በበሩ ሦስት ጊዜ አልፌ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ «ሱቁን ዘግቶ የጠፋው ሰዓት ሠሪ እዚህ ምን ይዞራል?» ብሎ በመስኮት ሳቀብኝ።

ዛሬ ገባሁ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ደንቡ ነውና ስህተት እንዳይኖር ጮክ ብሎ ቃል በቃል ማንበብ ጀመረ። ከኋላዬ አራት ሰው ተሰልፏል። ዞሬ ማየት አልችልም፤ ትበርህ እንዳለችበት ግን በሳሏ አወቅሁ፣ ለባሏ ምጽዋ ልትልክ መጥታ ነው። «በሦስተኛው ወር አወለቅሁ» ካለ በኋላ መንግስትኣብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰገድኩም» የሚለውን በከንፈሩ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና በትግርኛ «ልከው?» አለኝ። «ላክ» አልኩት። ፊቴ እሳት ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ኣብርሄት ወንበር ላይ ወጥታ ቀንበሩን ከቁምሳጥኑ አናት አውርዳ፣ ጨርቁን ፈትታ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ስትጮህ ብትውል ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ማርያም ኣይሓሰወትን፤ ንስኻ ኢኻ ሓሲኻ።» ማርያም አልዋሸችም፤ የዋሸህስ አንተ ነህ ማለቷ ነው። ከዚያ ተነሥታ አንገቴ ላይ አሰረችው። ጠበቅ አድርጋ ነው ያሰረችው።

ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት ገና ነው፤ መጀመሪያ ድረስበት።

ዘርእዝጊ

*

ደብረ ብርሃን
ሰኔ 29 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአቶ ዘርእዝጊ

ጤና ይስጥልኝ። ብርቅነሽ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ባሌ አላዘዘኝም።

ቴሌግራሙ የመጣ ዕለት ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ «ያን ፎቶ አውርጂው» አለ። አወረድኩት። በማግሥቱ ልጆቹን ለእህቴ ጥለን አዲስ አበባ ገባን። ቦታው ተይዟል ተባልን። አራት ቀን ሙሉ የሐኪሙ በር ላይ ተቀመጥን፤ ዘበኛው ሲያስነሳን እየዞርን ተመልሰን ተቀመጥን። ቴሌግራምዎን በእጄ ይዤው ነበር። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ራሱ ወጣና አስተርጓሚው አነበበለት። ከዚያ «ያ ሰዓት ሠሪ ጅል ነው፤ አስገቡት» አለ።

ሰኔ 14 ቀን ተሠራ። ሐኪሙ በስድስተኛው ቀን አገሩ ገባ። እግሩን መጎተቱን ትቷል። ስለ እጁ ግን «የቀረውን አድነናል፤ የሄደው ሁሉ አይመለስም፤ በቀጠሮው ቀን መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ» አለ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑ ነው። አዎ፣ እንዲያዝኑ። እኔ ብቻዬን ማዘን ሰልችቶኛል።

እግዜር ይስጥልኝ አልልዎትም። አልረግምዎትምም፤ ያ ቴሌግራም ባይመጣ ዛሬ ባሌን በምርኩዝ ነበር የማየው። ያገሬ ሰው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል፤ ለእርስዎም ከመስገድ መታዘዝ መቅደም ነበረበት።

ፎቶዎን መልሼ ልኬዋለሁ። ጠርዙ የተቀደደው ሳወርደው ነው፣ ሆን ብዬ አይደለም።

ብርቅነሽ

*

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 8 ቀን 1960 ዓ.ም.

ዘርእዝጊ

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ሰላምታ አልጨምርም።

የላክኻቸው አራት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ያልመለስኩት እጄ ስላልቻለ ብቻ አይደለም። ተቀይሜህ ነበር። ቀንበሩን ስለማውለቅህ አይደለም፤ እኔም በጓሮ በር የሾለክሁ ሰው ነኝ። ያመሰገንኩህን ምስጋና ለአሥር ቀን ተሸክመኸው መዋልህን ሳስብ ነው። በኋላ ግን ደብዳቤዬ የደረሰህ ቴሌግራሙን በላክህ ዋዜማ መሆኑን ብርቅነሽ በቀን ቆጥራ አሳየችኝ። አንድ ቀን ነው የተሸከምከው። አንድ ቀን ይቅር ይባላል።

ሦስት ጣቶቼ ተመልሰዋል፣ ሁለቱ አልተመለሱም። ጠመኔ በሦስት ጣት ይያዛል። ከመስከረም ጀምሮ ማስተማር ጀምሬአለሁ። ቀንበሬን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አላወልቅም፤ የመጣው ይምጣ።

ሰው ሁሉ «ያማል?» እያለ ይጠይቀኛል። «አንዳንድ ቀን» እላለሁ። ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል። ካንተ የፈለግሁት ይህን ሁለት ቃል ነበር፤ ሰምቼውም ቢሆን እሄድ ነበር።

ይቅር ብለኸኛል ወይ ላልከው፣ ምስማሩ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ሌላ ፎቶ ተነሥና ላክ። የዛሬውን ዘርእዝጊ።

ንዋይ

*

አሥመራ
ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም.

ንዋይ ሓወይ

ጽሕፈትህን ሳይ አለቀስኩ። የተማሪ ጽሕፈት ነው፤ እኔ ግን እንደዚያ የሚያምር አላየሁም።

አሁን ልናዘዝልህ። ከግንቦት ወዲህ ቀንበሩን አላወለቅሁም፤ ከቤት ስወጣ ግን በወፍራም ሻርፕ እሸፍነው ነበር። በሐምሌም በሻርፕ! ጉንፋን ነው እላለሁ። የሰማ ሰምቷል፣ ያልሰማው እንዳያይ ነው። ጣልያኑ ሐኪም «ዘግይቷል፤ ሊይዝ ይችላል፣ ላይዝም ይችላል፤ ሕመሙን ግን ልመድ፣ እየሄደ የሚመጣ እንግዳ ነው» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ጥቅምትን ሙሉ ደህና ነበርኩ፤ ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሻሂ የያዝኩበት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ።

ቄሱ ዘንድ ሄጄ ጃንጥላው ይመለስ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከት ብለው ሳቁ። «ጃንጥላው የማርያም ነው፤ ያንተ የሆነው ውሸቱ ነው፣ እሱን ይዘህ ሂድ» አሉኝ። ቀልዳቸው መሰለኝ፤ ደጁን ስወጣ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ትናንት በስቲያ ኅዳር ጽዮን ነበር። ጧት ኣብርሄት ነጠላዬን አቀበለችኝና ሻርፑን ከምስማሩ አንሥታ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እንደዚያው፣ ቀንበሩ ወለል ብሎ እየታየ፣ ከቃሓውታ እስከ እንዳ ማርያም በእግራችን ሄድን። አንገቴን መስበር አልችል፣ ዓይኔን ብቻ መሬት ላይ ጥዬ ነው የሄድኩት። አምና ጃንጥላው ሲገባ የነበሩት ሁሉ ነበሩ። መንግስትኣብ ከከበሮው ቀና ብሎ አየኝና መምታቱን ቀጠለ። ሴቶቹ ሹክ ሹክ ተባባሉ። ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እኔ በወገቤ ብቻ ዝቅ ብዬ ቀረሁ። ላቤ በቀንበሩ ሥር ወረደ። አፈርኩ፣ ንዋይ። ከመንገድ ላይ ልመለስ ያሰብኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነግርህም።

ቅዳሴ ሲያልቅ ትበርህ መጣች። መላ ሰውነቴን አዙሬ ተመለከትኳት። «አምና ያልኩትን እልልታ መልሱልኝ ልበል እንዴ?» አለችኝ። ኣብርሄት «አስቀምጪልን፣ ደህና ሲሆን ትይዋለሽ» አለቻት። ትበርህ ሳቀች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ጀርባዬ ላይ የተፈታውን የቀንበሩን ጠፍር አጠበቀችልኝ።

ከዚያ ቀጥታ አምና ያነሳኝ ፎቶ ቤት ሄድን። ያው ሰውዬ ነው። አስተካክሎ አቆመኝና «ይህን አውልቀው፣ ፎቶውን ያበላሸዋል» አለኝ።

«አይወልቅም» አልኩት።

ወደ መሣሪያው ሊመለስ ሲል ቆመና ቀንበሩን ትክ ብሎ አየው። «ያማል?» አለኝ።

ኣብርሄት አጠገቤ ቆማለች። ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ በዓይኗ ጠይቃኝ በአፏ ያልጠየቀችኝ ሴት ናት።

«አንዳንድ ቀን» አልኩት።

እሷ ክንዴን ያዘችኝ። እንደዚያ ሆነን አነሳን። ፎቶው በዚህ ውስጥ ነው።

ዘርእዝጊ